እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

ጋሼ አምሳሉ የደወሉት ዓርብ ጠዋት፣ ለሕክምና ማርቆስ እኔ ዘንድ ላረፉት አባቴ ቁርስ ዳቦ ልገዛ በወጣሁበት ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከቀበሌያችን አቅራቢያ አማኑኤል ከተማ ይኖራሉ። ለዓመት በዓልና ለችግር ካልሆነ ስልክ አይደውሉም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደግሞ በዓል የለም።

"አጠገብህ ሰው አለ?" አሉኝ።

የለም፣ እናቴና አባቴ ቤት ናቸው አልኳቸው። ቁጭ በል አሉኝ። የምቀመጥበት ስላልነበረ ዳቦ ቤቱ ፊት ባለው የውኃ መውረጃ ቦይ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ደርቤ ሞቷል። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ከወረደ ሁለት ወሩ ነበር። ወባ ነው አሉኝ፤ ሦስት ቀን ታሞ ሰኞ ዕለት አረፈ፣ እዚያው ቆላ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። አብረውት የወረዱት ልጆች ትናንት ማታ ልብሱን ይዘው አገር ገብተዋል። እኔና ደርቤ የምንበላለጠው በሁለት ዓመት ነው፤ ታላቁ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ሁሉ ሥራ ነበር፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ፣ የእርሻ ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው። መርዶው ነገ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመድ ከየአቅጣጫው እየተጠራ ነው፤ ሽማግሌ ተመርጧል። አባቴና እናቴ ዛሬ ሲመሻሽ አማኑኤል ገብተው እሳቸው ቤት ያድራሉ። በቀን ከመጡ ግን መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ፊቱ ይነግራቸዋል። ወግ የማያውቅ ባዳ ደግሞ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ያፈርጠዋል።

"እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አቆያቸው" አሉኝ። "ከተማውን አሳያቸው። ደሞ አብላቸው፤ ደኅና አርገህ አብላቸው። ከነገ ወዲያ እህል ባፋቸው አይዞርም።"

ስልኩ ሲዘጋ መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር ያሳፍራል። ዳቦው ሳያልቅ ልግዛ ብዬ ነው ያሰብኩት። ተነሥቼ ሁለት ገዛሁ።

እየተመለስኩ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ሐሳብ ብዙ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ማርቆስ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ከራሴ ጋር ማውራት ለምጃለሁ። እናቴ እስካልሰማች ድረስ ደርቤ ጨርሶ የሞተ አልመሰለኝም። ግማሹ መተማ ተቀብሯል፤ ግማሹ እናቴ ዘንድ በሕይወት አለ። እስከ ነገ ጎህ ድረስ ያንን ግማሽ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በሩ ጋ ደርሼ ፊቴን በእጄ አሸሁና ገባሁ።

አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጠው ግድግዳዬን እያዩ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶ፣ በመጨረሻ ሰው በድምፅ ብቻ እስከ መለየት ደርሰው ነበር። ነፃ የዓይን ሕክምና ማርቆስ መጣ ሲባል አስመጣኋቸው። ማክሰኞ ቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ረቡዕ ፋሻው ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው አንድ ነገር ላይ አያርፉም። የአምፖሉን ሽቦ ይቆጥራሉ፤ ጉንዳን ይከተላሉ።

"እንዳላማው፣ ይሄ ግድግዳ እንዲህ የቆሸሸ ነው እንዴ?" አሉኝ። "ሳላየው ይሻል ነበር።"

ረቡዕ ዕለት ፋሻው እንደ ተፈታ እናቴን ትክ ብለው አይተው "ደብሪቱ፣ አርጅተሻል" ብለዋት ነበር። እሷም "ሦስት ዓመት ዘግተህ የተውከው ቤት መች እንደ ነበረ ይጠብቅሃል?" ብላ ነርሶቹን ሁሉ አሳቀቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዛሬስ እንዴት አደርኩ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ከትናንቱ ይሻላል ይሏታል። ያን ጠዋትም ተባባሉ። እኔ ዳቦውን እየቆረስኩ ሰማኋቸው።

መጀመሪያ ሆስፒታል ሄድን፤ የመጨረሻው ምርመራ ነበር። ነርሷ ዓይናቸውን በትንሽ ባትሪ አየችና በጣም ጥሩ ነው አለች። ቀጥላ ክልከላውን ደረደረችው፦ ጎንበስ ማለት የለም፣ ከባድ ማንሣት የለም፣ ዓይን ማሸት የለም፣ ጭስና አቧራ የለም፤ ጠብታው በቀን አራት ጊዜ። አባቴ ማረስስ ብለው ጠየቋት። ለአንድ ወር ገበሬነት የለም አለቻቸው። ታዲያ ምን ልሁን ቢሏት "ባላባት ይሁኑ" አለቻቸው። ሲስቁ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሊያብሱ እጃቸው ሲነሣ እናቴ ቀድማ ያዘችው።

እነሱ እንደ ወጡ ተመልሼ ገባሁ። ነርሷን ቢያለቅሱስ ብዬ ጠየቅኋት።

"ለምን ያለቅሳሉ?" አለችኝ።

እንዲያው፣ አገር ቤት ነው፣ ለቅሶ አይጠፋም አልኳት። አሰበችና እንባው እንኳ ብዙ ግድ የለም አለችኝ። አደገኛው ደረት መምታቱ፣ መውደቁ፣ መሬት ላይ መደፋቱ ነው፤ ቁስሉ ገና አልጠናም፣ ዓይኑ እስከ ወዲያኛው ሊጠፋ ይችላል።

"የሩቅ ሰው ለቅሶ ከሆነ ይቅርባቸው" አለችኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። በሩ ላይ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ከአጥሩ ጀርባ ዞርኩና ጋሼ አምሳሉ ጋ ደወልኩ። ያለችውን ነገርኳቸው፤ አንድ ወር፣ ካልሆነም ሁለት ሳምንት ብንቆይስ አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲመልሱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሰው ተጠርቷል፣ እንዳላማው። ነገ ብንተወው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላይ አንዱ ይነግራቸዋል። ያኔ ማን ይይዛቸዋል? አሁን እኮ አራት ጎልማሳ አዘጋጅቻለሁ። ሁለቱ እጅ እጃቸውን ይይዛሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ይቆማሉ።"

የአባቴ እጅ ነገ በየትኛው በኩል በማን እንደሚያዝ ሁሉ ታስቦበታል። እኔ ምን ልጨምር? እሺ አልኩ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰባት ሰዓት ተኩል ይቀራል።

ባጃጅ ይዘን ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ሄድን። አባቴ ከተማውን አሁንም በድሮ ስሙ መንቆረር ነው የሚሉት፤ ባጃጅ ነጂው የት ነው እሱ ብሎ ግራ ሲጋባ፣ በቆምክበት አገር አትጥፋ ብለው መከሩት። ግቢው ውስጥ ቆመው ግንቡን፣ ደረጃውን፣ በሩን ቀስ ብለው ተራ በተራ አዩ። አያቴ እዚህ ግብር በልቻለሁ ይል ነበር አሉ፤ አሁን በሩን ሳየው ግን እሱን የሚያስገባ አልመሰለኝም። እናቴ የሞተ ሰው አይታማም ብላ ገሠጸቻቸው። እኔ ወደ ዛፎቹ ዞርኩ።

ከዚያ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። እናቴ ደጁን ተሳልማ ብዙ ቆየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ስማችንን እየጠራች መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ በየተራችን ነው የምትጠራን፤ እኔን፣ ሎማሜ ያገባችውን እኅታችንን ሃኒን፣ መጨረሻ ደርቤን። ደርቤ ጋ ስትደርስ ታረዝማለች፤ ቆላ ነዋ ያለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ እንደ ወጣን ነው የተሳሳትኩት።

"አብላቸው" የሚለው የጋሼ አምሳሉ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ይደልቃል። ጊዜው የሚያመልጠኝ መሰለኝ። እንደ አደራ ዕቃ አንድ ቦታ አራግፌው መገላገል ነው የፈለግሁት። መንገዱ ዳር ካለው ጭማቂ ቤት አስገባኋቸው፤ ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው። አስተናጋጇ ስትመጣ ሳልጠይቃቸው ሦስት አቮካዶ፣ ሦስት ቦምቦሊኖ፣ በዚያ ላይ የጾም ፓስታ አዘዝኩ። አባቴ መድኃኒት ስላለባቸው የንስሐ አባታቸው ጾሙን ፈትተውላቸዋል። ረጅሙን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው አረንጓዴውን እያደነቁ፣ ይሄ ይጠጣል ወይስ ይታረሳል አሉ።

እናቴ አልነካችም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቀን ስታፈርስ አላየሁም። እኔ ደግሞ ይህን እንደማላውቅ ሰው ብርጭቆውን ገፋሁላት።

"ዓርብ ነው እኮ፣ እንዳላማው።"

መንገደኛ ነሽ አልኳት። ሩቅ ነው፣ ይደክምሻል፣ እግዜር አይቆጣም አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ በሞቴ አልኳት፤ ሁለቴ። ድምፄ የራሴ አልነበረም።

ቀና ብላ አየችኝ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን አሰገደች ልጇ አዲስ አበባ ላይ መኪና ገጭቶት ሲሞት፣ መርዶው እስኪደርስ ድረስ አሰገደችን ቀኑን ሙሉ ይዛት የዋለችው እናቴ ናት። ገበያ ይዛት ሄደች፤ ጠላ አጠጣቻት፤ በእጇ እያጎረሰች አበላቻት። ጎህ ሲቀድም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆማ ነበር። በአካባቢው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የምትጠራው እሷ ናት፤ ፊቷ አይነግርባትምና። እኔ ሙያውን በባለሙያዋ ላይ እየሠራሁባት ነበር።

ብርጭቆውን አነሣች፤ አማተበች፤ አንድ ጉንጭ ጠጣች። ከዚያ እስከ ግማሽ ጠጣችውና አስቀመጠችው።

አባቴ "ጉድ! ደብሪቱ ዓርብን ከአራት ሰዓት አፈረሰችው" አሉ። "ከተማ እንዲህ ነው የሚያበላሸው።"

"መንገደኛ ነኝ" አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ አታየኝም ነበር። አጠገቤ ትሄዳለች፣ አባቴን በክንዷ ይዛ ከቦይ ታሳልፋለች፣ ታወራለች፤ እኔን ግን አታይም። እንዳልነግራት መሆኑ ገባኝ። ማን እንደሆነ አላወቀችም። ልቧ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች ማን እንደጎደለ ስትቆጥር ይታየኛል፤ ሃኒ ትሁን፣ ደርቤ ይሁን፣ ጋሼ አምሳሉ ይሁኑ፣ ወይ ያረጀች እናቷ። እናቷ እንድትሆን የጸለየች ይመስለኛል። እኔ ብሆን እንደዚያ እጸልይ ነበር።

አባቴ ፎቅ ላይ መውጣት አማራቸው። አንዱ ሕንፃ አራተኛው ፎቅ ላይ ሻይ ቤት ስላለው በደረጃ ይዤያቸው ወጣሁ፤ በየደረጃው ያርፋሉ፣ ያረፉበትን መስኮት ሁሉ ያያሉ። ላይ ስንደርስ ከተማው ታች ተዘረጋ፤ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል፤ በሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። አባቴ የመስኮቱን ጠርዝ ይዘው አዩት። ቆይተው ጮቄን እንደዚህ አድርጌ ያየሁት ደርቤ ክርስትና የተነሣ ዓመት ነው አሉ። ለምን ያን ዓመት እንዳስታወሱት አላውቅም። ሻዩን አዘዝኩና ስኳሩን ረስቼ ጠጣሁት።

ሰባት ሰዓት አካባቢ ወደ ገበያ ወረድን። ቀኑ የገበያ ቀን አልነበረም፤ የልብስ ተራው ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። እናቴ ይበቃል፣ እንረፍ ብትልም አባቴ ዓይኔን የከፈተልኝ አምላክ ባዶ እጄን አይመልሰኝም አሉ። ለሃኒ ቀይ ሻሽ መረጡ፤ ባለ ሱቁ ሮዝ ሊሰጣቸው ሲል ይሄ እኮ ቀይ አይደለም ብለው መለሱለት። ቀለም ለይተው ማስመለሳቸው ከሻሹ በላይ አስደሰታቸው። እናቴ ሻሹን ተቀብላ አጠፈችው። እኔን አየችኝ። ለሃኒ ሻሽ ሲገዛ ፊቴ ላይ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ከዚያ አባቴ ጃኬት አወረዱ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ውስጡ ሞቃት።

"ለደርቤ" አሉ። "ከቆላ ሲመጣ ብርዱ እንዳይዘው።"

ሌላ ጊዜ ይገዛል አልኩ። ለምን ሌላ ጊዜ አሉኝ። ልኩን አናውቅም አልኩ። ሳቁብኝ፤ ትከሻችሁ አንድ አይደለም ወይ፣ ሕፃን ሆናችሁ በአንድ ሸሚዝ ስትጣሉ አልነበር ወይ?

"ልበስና አሳየኝ" አሉኝ። "በል እንጂ! በዓይኔ ልየው።"

ለበስኩት። እጅጌው ልክ ነበር። አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፤ ዙር አሉኝ፣ ዞርኩ፤ ክንድህን አንሣ አሉኝ፣ አነሣሁ። ስዞር ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ፊቴን ለመሰብሰብ ጊዜ አላገኘሁም።

እዚያው ሱቅ በር ላይ ካለው ጆንያ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሻሹን ጭኗ ላይ አጥፋ አጥፋ ትንሽ አደረገችው።

አባቴ ሦስት ዓመት በዋጋ ያልተከራከሩ ሰው ናቸውና ጃኬቱን ከላዬ አስወልቀው ባለ ሱቁን ይዘው ወደ ውስጥ ዘለቁ። እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ። ላነሣት ጎንበስ አልኩ። አልተነሣችም፤ እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዋ ሳበችኝ።

"ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበረው?"

አዎ አልኳት።

"ፍትሐት ተደርጎለታል?"

ይህን ጋሼ አምሳሉ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁ። ተደርጎለታል አልኳት።

ሰኞ የተቀበረ ልጇን ዓርብ ስትረዳ የጠየቀችኝ ይኼን ሁለቱን ነው። በምን እንደሞተ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። እጄን አልለቀቀችም፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ገበያ ውሎ እንደደከመው ሰው ፊት ነው። ለአባባ እንንገራቸው ወይ አልኳት። ነርሷ ያለችውን፣ ጋሼ አምሳሉ ያዘጋጇቸውን ሰዎች ነገርኳት። ስለ ዓይናቸው የማደርገው ጠፋኝ አልኳት።

"አንተ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። "እኔስ ምን አደርጋለሁ? ዛሬን ይይ።"

አባቴ ጃኬቱን ጠቅልለው ይዘው አሸንፈው ወጡ። ሌባ ነው፣ ግን ጥሩ ሌባ ነው አሉ ስለ ባለ ሱቁ። እናቴ ተነሥታ ጃኬቱን ተቀበለቻቸው፤ ጨርቁን በጣቷ ፈተነችው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልተሞኘህም አለቻቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ ገባን። ይህን ቤት የመረጠችው እሷ ናት፤ አጅባ ያስገባችንም እሷ። በያይነቱ በትልቅ ትሪ መጣ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሱፍ ፍትፍቱ። እናቴ እጇን ታጥባ፣ አማትባ፣ አባቴን ማጉረስ ጀመረች። ራሴ አያለሁ እኮ አሁን አሏት። "እያየህ ብላ" አለቻቸው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አጎረሰቻቸው። ሽሮው አነሰ ብላ አስጨመረች። አሰገደችን እንዴት እንዳበላቻት ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። አትለምንም፤ አትቸኩልም፤ ሰው ሲናገር ትጠብቅና አፉ ሲዘጋ እጇ ይደርሳል። ከራሷ ጋርም እንደዚያው ነበረች። ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ትውጣለች። ውኃ ትጠጣበታለች፤ ደግሞ ትጎርሳለች። ነገን ለመሸከም ዛሬ ጉልበት እያከማቸች ነበር።

እኔ እጄን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። ዞር አለችብኝ።

"አንተንስ ማን አበላህ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ከጠዋቱ ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም እንዳልቀመስኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሼ አምሳሉም እኔም ረስተነው ነበር፤ ለእኔም ወንድሜ ነው የሞተው። ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ ትልቅ ጉርሻ፣ ልጅ ሆኜ እንደምታጎርሰኝ። አፌ ሞልቶ መናገር አልቻልኩም፤ ማልቀስም አልቻልኩም። አባቴ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሚው" አሏት። ደገመችልኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መናኸሪያ ነበርን። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረስን፤ አባቴ መንገዱን ማየት እፈልጋለሁ ብለው ሹፌሩን ለመኑትና ጋቢና ተቀመጡ። እኔና እናቴ ከኋላቸው ሆንን። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው የአማኑኤል ነው። አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት አባቴን ስታይ "ውይ፣ አያ ታረቀ" ብላ ልትነሣ ስትል ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እናቴ ራሷን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቀች። ሴትዮዋ ቁጭ አለች።

"እንኳን ዓይንዎ በራ" አለቻቸው።

አባቴ አመሰገኑ። ከማርቆስ እንደ ወጣን ያዩትን ሁሉ ለመኪናው ሰው መንገር ጀመሩ። ይሄ ጤፍ ደርሷል፣ ባለቤቱ ምን ይጠብቃል? ይሄ ባሕር ዛፍ እኔ ሳየው ችግኝ ነበር። ያቺ በሬ ቀንዷን ማን ሰበራት? በሬ ወንድ ነው እንጂ አያ ታረቀ፣ ዓይንዎ ገና ነው አላቸው አንዱ ከኋላ፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። ከሚገባው በላይ ነው የሳቁት። ማን ማን እንደሚያውቅ ከሳቁ ለየሁ፤ ሁሉም ያውቃሉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በመንገዱ ዳር ሰዎች ይታዩ ጀመር። ጋቢ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ፣ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ወደኛ ቀበሌ በሚወስደው በኩል ይሄዳሉ። ጋሼ አምሳሉ የቀኑን መንገድ አሰቡ እንጂ የምሽቱን አላሰቡም፤ ለጎህ የተጠራ ዘመድ በምሽት ነው የሚገባው።

"የማን ለቅሶ ነው ይሄ?" አሉ አባቴ። "ሰው ሁሉ ወደኛ አገር ነው።"

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ።

"ነገ እንሰማለን" አለች እናቴ።

አባቴ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ለማያውቁት ሰው ነፍስ ይማር አሉ። ወዲያው ግን ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ሁለት እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አደረጉ።

"ያ አንሙት አይደለም እንዴ? ከደርቤ ጋር የወረደው! አንሙት ነው፣ አካሄዱን አውቀዋለሁ!"

አንሙት ነበር። ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ኋላ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ባያዩት የምንላቸው ነበረን፤ ሌላ ሰው ነው እንላቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የነገርናቸውን ሁሉ አምነው ኖረዋል።

"እነሱ መጥተዋል ማለት ነው" አሉ። "ልጄ መጥቷል! ሹፌር፣ አንድ ጊዜ አቁምልኝ የኔ ጌታ፤ ልጠይቀው።"

ሹፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ አየ። እናቴን ነው ያየው።

"እዚህ ማቆም ክልክል ነው፣ አባቴ" አላቸው።

ዙሪያው እርሻ ነው። ሰውም፣ ቤትም፣ ፖሊስም የለም። አባቴ ግን እሺ፣ ሕግ ከሆነ ይቅር አሉ። አንሙት በጎናችን አልፎ ወደ ኋላ ቀረ። አባቴ ሙሉ ሰውነታቸውን ጠምዝዘው ወደኛ ዞሩ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ደብሪቱ፣ ሰማሽ? ልጁ ገብቷል እኮ። ዛሬ ቤት ነው።"

"ሰማሁ" አለች እናቴ።

እኔን አዩኝ። አንድ ነገር እንድላቸው ጠበቁ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

"አባባ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ" አልኳቸው። "አንገትዎን አይጠምዝዙ፤ ለዓይንዎ ጥሩ አይደለም።"

እውነትዎን ነው ብለው እንደ መቀለድ አሉና ታዘዙኝ። ወደ ፊት ዞረው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አማኑኤል ገና ከዳገቱ ማዶ ነበረች፤ መብራቷን ከሁላችን ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።